ይህንኑ ይጻፉልኝ

አንዲት ሴት ነበረች። ቤቷ ከወንዙ ወዲህ ነው፣ የልጇ ትምህርት ቤት ከወንዙ ወዲያ። መሃል ላይ አንድ የእንጨት ድልድይ አለ። ድልድይ አልኩ እንጂ፣ እናንተ ብታዩት ድልድይ አትሉትም። ሁለት ግንድ ነው፤ ላዩ ላይ ሳንቃ ተመትቶበታል፣ በአንድ ጎኑ የሚያዝ ሽቦ አለው። ከሳንቃዎቹ ስድስቱ የሉም። ልጆቹ እዚያች ቦታ ሲደርሱ ቦርሳቸውን ወደ ጀርባቸው ያዞሩና ይዘላሉ።

በጋውን ይዘላሉ። ዝናብ ሲመጣስ?

ባለፈው ሰኔ፣ በፈተና ሰሞን፣ የጎረቤቷን ልጅ ውሃው ወሰደው። አበጀ ይባላል። ሊፈተን ሲሄድ ነው የተወሰደው። ይህን ነገር ባጭሩ ነው የማልፈው፤ እናቱ እስከ ዛሬ ድረስ ጫማውን ከበሩ አጠገብ አላነሳችውም።

የማወራላችሁ ሴት ዘርትሁን ትባላለች። ልጇ ብርቄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። ሚያዝያ ሲገባ ዘርትሁን በጣቷ ቆጠረች። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ከዚያ ሰኔ ነው። ሁለት ወር አለኝ አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናንተ መንግሥት ቢሮ ጉዳይ ሲኖራችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? አትዋሹኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነን። «እዚያ ቢሮ ማን አለን?» ነው የምትሉት። ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል አትሉም። ማን አለን! አክስት አለን፣ የአክስት አማች አለን፣ የአማቹ ሾፌር አለን። ትስቃላችሁ አይደል? የምትስቁት ስለምታውቁት ነው።

የዘርትሁን የባሏ ወንድምም እንደ እናንተ ነው። የወረዳው ኃላፊ ሾፌር በሚስቴ በኩል ይዛመደኛል፣ አንድ ማሰሮ ማር ይዘን እንሂድ፣ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል አላት። ደግ አሳቢ ሰው ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻዋን የሚያርስላት እሱ ነው። እሷ ግን ቀና ብላ አየችው።

«የማውቀው ሰው አልፈልግም፤ ሥራው የሆነውን ሰው ነው የምፈልገው» አለችው። «ዘመድ የሌላት ሴት ልጇ ወንዝ ትግባ ማለት ነው?»

ይህን ጥያቄ እናንተም ያዙልኝ።  

ልትወጣ ስትል ልጇ ብርቄ አንድ ባዶ ደብተር ሰጠቻት። ዘርትሁን ማንበብም መጻፍም አትችልም፤ ሰው የነገራትን ደግሞ በመንገድ ላይ ታምታታዋለች። እና ብርቄ፣ እማዬ የሚሉሽን እዚህ ላይ ይጻፉልሽ፣ ስትመጪ እኔ አነብልሻለሁ አለቻት። በቃ፣ ይኸው ነው። ስንቅና ደብተር ይዛ ሄደች።

መጀመሪያ የገባችው የወረዳው የመንገድ ጽሕፈት ቤት ነው። አቶ መንበሩ የሚባል ሰው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ እስክትጨርስ አዳመጣት፣ የአበጀን ነገር ስትነግረው ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ በኋላ ያላት ይህን ነው። መንገድ ማለት መኪና የሚሄድበት ነው፣ በእናንተ ድልድይ መኪና አይሄድም፣ ስለዚህ እኛን አይመለከተንም። ደግሞም ጉዳይ በቃል አይቀርብም፣ በጽሑፍ ይዘሽ ነይ።

ከንፈሩን መጠጠ፤ ልብ በሉ። በዚህ በዚህ እኛም ጎበዞች ነን። ከንፈር ለመምጠጥ ማንም ፊርማ አይጠይቅም።

ወጣች። በሩ ላይ ጥላ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ ሽማግሌ አለ፣ እሱ ጻፈላትና አነበበላት። አናቱ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ማነው እሱ ብላ ጠየቀችው። የተቀበለሽ ሰው ነዋ አላት። እሷም አመነችው። ምስኪን፣ የሚቀበላት ያለ መስሏት ነው።

ወረቀቱን ይዛ ተመልሳ ገባች። አቶ መንበሩ አገላብጦ አየና፣ ልጆች የሚሻገሩበት ከሆነማ የትምህርት ጉዳይ ነው፣ እሱ ደግሞ ከክልል ካልታዘዘ አይሆንም፣ ወደ ክልል ሂጂ አላት። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ነው። ሄደች። አንዲት የአገሯ ልጅ ቤት አርፋ በየቀኑ ጠዋት፣ ቢሮዎቹ ሁሉ ባሉበት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ከቢሮ ቢሮ መዞር ጀመረች።

ትምህርት ቢሮ ሄደች። ልጅ ከአጥር ውስጥ ከሆነ የኛ ነው፣ ከአጥር ውጭ ከሆነ የኛ አይደለም አሏት። ውሃ ቢሮ ሄደች፤ ወንዝ የናንተ አይደለም ወይ ብላ። እኛ የሚጠጣውን ውሃ ነው የምናውቀው፣ ሰው የሚወስደውን አናውቅም አሏት። በየበሩ ዘበኛው ማንን ነው የምትፈልጊው ይላታል። የሚመለከተውን ሰው ትላለች። አንዱ ዘበኛማ ቀልደኛ ነው፣ «እሱ ሰውዬ ዛሬም አልገባም» አላት። ሦስት ቀን እንዲህ ዞረች። ሁሉም ትሁት ነው። ሁሉም ያዝናል። ሁሉም ወደ ሌላ በር ያመለክታታል።

በአራተኛው ቀን የአደጋ ጉዳይ የሚይዝ አንድ ቢሮ ላኳት። የመጨረሻው ተስፋዋ ነው። አንድ ረዥም፣ መነጽር ያደረገ ባለሙያ ተቀበላት፤ ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«እህቴ፣ እኛ አደጋ ሲደርስ ነው የምንሠራው» አላት። «እዚህ ላይ የደረሰ አደጋ የለም።»

አምና የደረሰውን ነገረችው። አበጀን ነገረችው። ሰውየው መዝገብ አወጣ፣ ገጽ በገጽ ፈለገ፣ አጣ። በወቅቱ ሪፖርት አልተደረገም አላት።

«እናቱ አልቅሳ ነበር» አለች ዘርትሁን። «አልሰማችሁም?»

መዝገቡን ዘጋው።

«እሺ፣ ታዲያ የኔን ልጅ ውሃው ሲወስዳት ልምጣ? ያኔ ይመለከትዎታል?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። አሠራሩ ነው፣ እኔ ያወጣሁት አይደለም፣ እኛን አይመለከተንም አላት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወገኖቼ፣ እኔና እናንተ ብንሆን እዚህ ላይ ወጥተን እናለቅሳለን። ወይም ሾፌሩን ፍለጋ እንሄዳለን። ዘርትሁን ግን እንደ መነሣት ብላ መልሳ ተቀመጠች። ከስንቋ መሃል የልጇን ደብተር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይህንኑ ይጻፉልኝ» አለችው። «አይመለከተኝም ብለው ይጻፉልኝ። ከሥር ስምዎን ይጻፉበት፣ ይፈርሙበት። ልጄ ታነብልኛለች።»

ሰውየው ደብተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ በሩን አየ። እንዴት ይጻፋል እንዲህ ያለ ነገር አላት።

«እናንተ ጉዳይ በቃል አይሆንም ስትሉኝ፣ አገር አቋርጬ በጽሑፍ አመጣሁላችሁ። አሁን የእናንተን ነው በጽሑፍ የምፈልገው። በቃል አይሆንም።»

እንግዲህ ንገሩኝ። ያ ሰው አንድ ቃል መጻፍ ያቅተዋል? ዲግሪ አለው። ሲጽፍ ነው የሚውለው። ግን እጁ አልታዘዘለትም። በአፉ ያለችግር ያወጣትን ቃል፣ በስሙ ላይ ሊያስቀምጣት አልቻለም። ለምን? ውሸት መሆኗን ያውቃላ! ሰው የልቡን እውነት ሲጽፍ እጁ እምቢ አይለውም።

አልጻፈም። ዘርትሁን አመስግና ደብተሯን አነሣች። እናም ምን አደረገች መሰላችሁ? ወደ ቤቷ አልሄደችም። ወደ ኋላ ዞረች። ውሃ ቢሮ ተመልሳ ገባች፣ ደብተሩን ዘረጋች፣ ይህንኑ ይጻፉልኝ። ትምህርት ቢሮ ገባች፣ ይህንኑ ይጻፉልኝ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፣ ማንንም አልረገመችም። ቁጭ ብላ ብዕር ታቀብላለች፣ ይኸው ነው። አንዱ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ከገዛ ቢሮው ወጣ። ሌላው፣ እሷ ውጭ ናት፣ እሱ ቢሮውን ከውስጥ ቆልፎ ተቀመጠ። አንዱ ደግሞ ዘበኛ ጠራና አስወጣልኝ አለው፤ ያው ቀልደኛው ዘበኛ ነው። ዘበኛው አያትና፣ «ጌታዬ፣ ምን አጠፋች ብዬ ላስወጣት? ፊርማ ነው የጠየቀችው» አለው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ከጎኗ ቆመ።

በማግስቱ ኮሪደሩ ሁሉ አወቃት። ባለ ደብተሯ መጣች ሲባል ሰው ከበር ይሸሻል። አስቡት እስቲ። ማንም የማይፈራት፣ ፊደል የማታውቅ ሴት፣ በአንድ ባዶ ደብተር ሦስት ፎቅ አባረረች።

እሷ ግን ደስ አላላትም። ደረጃው ሥር ተቀምጣ ስታስበው፣ አምስት ቀኗ አለቀ፣ ደብተሩ ባዶ ነው። ብርቄ ምን ልታነብ ነው? እንባዋ የመጣው ያኔ ነው። በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ፣ ከመዝገብ ቤት አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ወጡ። ወይዘሮ እልፍነሽ ይባላሉ። ሥራቸው የገባና የወጣ ደብዳቤ መመዝገብ ነው፤ ከእሳቸው በታች ደመወዝተኛ ቢኖር ጽዳቶቹ ናቸው። ምን ሆነሽ ነው የኔ እናት ብለው አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ነገረቻቸው። ሰሙ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና፣ «እስቲ ያን ደብተርሽን አምጪው» አሏት።

ዘርትሁን እያመነታች ሰጠቻቸው። እኚህም አይመለከተኝም ሊሉ ነው ብላ ነው። ሴትየዋ ግን ማንም ሳይለምናቸው ብዕር ከጸጉራቸው መዘዙና ጻፉ። ጽፈውም አነበቡላት። «ይህ ሥራ የኔ ሥራ አይደለም። የማን እንደሆነ እስካገኝ ድረስ ግን የኔ ነው። እልፍነሽ ቸሬ።» ፈረሙበት።

ስሙኝ። ስንት ኃላፊ ያለበት ሕንፃ ነው ያ! ባለ ምንጣፍ ቢሮ አለ፣ ባለ ጸሐፊ ቢሮ አለ። ስሟን የሰጠች ግን ደብዳቤ መዝጋቢ ናት። አይታችኋል? ሹመት ያለው ሰውና ኃላፊነት ያለው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ወይዘሮ እልፍነሽ መዝገባቸውን ዘረጉ። ድልድይ የሚል ፈለጉ፣ የእግረኛ የሚል ፈለጉ፣ ዓመት ወደ ኋላ እየቆጠሩ ፈለጉ። ምሳ አልወጡም። ከሰዓት ላይ አንድ የወጣ ደብዳቤ ቁጥር አገኙ፤ ቁጥሩን ይዘው መደርደሪያው ሥር ገብተው አቧራ ለብሰው ወጡ። የሁለት ዓመት ደብዳቤ ነው። የእግረኛ ድልድዮች ጥገና በሙሉ ለየወረዳው የመንገድ ጽሕፈት ቤት ተሰጥቷል ይላል። የሚከታተለው ባለሙያ ስምም ተጽፏል። በዘርትሁን ወረዳ ያለው ባለሙያ ማን ነው ብትሉኝ፣ አቶ መንበሩ። ከሥሩ ደግሞ ደብዳቤውን ተቀብያለሁ የሚል አለ፣ በገዛ ፊርማው።

መጀመሪያ የገባችበት በር ነው፣ ወንበር ስቦ ያስቀመጣት ሰው።

ዘርትሁን መሳቅም ማልቀስም አማራት። ቅጂውን ደብተሩ ውስጥ አስገብታ፣ የወይዘሮ እልፍነሽን እጅ ስማ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተመለሰች። ቤቷ እንኳ አልገባችም። በቀጥታ ወደ ወረዳ።

አቶ መንበሩ ዛሬም ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም። ቅጂውን ፊቱ አስቀመጠችለት። አነበበ። ፊርማውን አየ። መልሶ አነበበ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውየው አላወቀም ነበር። ደብዳቤ በክምር ይመጣል፣ የየደብዳቤው ቅጂ ይዘረጋለታል፣ ተቀብያለሁ ብሎ በየቅጂው ሥር ይፈርማል፣ ክምሩ ፋይል ውስጥ ይገባል። ስንት ዓመት እንዲህ ሲሠራ ኖሯል። አምና ያ ልጅ ሲወሰድ ድልድዩ የሱ ነበር። ወሬውን ሰምቶም ነበር፤ ቤቱ ራት ላይ አውርቶታል፣ ምን ዓይነት መንግሥት ነው ያለን ብሎ።

ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው። 

«ይመለከተኛል» አለ በመጨረሻ።

ዘርትሁን ደብተሯን ገልጣ ከፊቱ ዘረጋችው።

«እሱንም ይጻፉልኝ» አለችው።

ጻፈው። ከሥሩ ሙሉ ስሙን፣ ከስሙ ሥር ቀኑን። ያን ለት ማታ ብርቄ ሁለቱንም ለእናቷ አነበበችላት፤ አንዱን የወይዘሮ እልፍነሽን፣ አንዱን የአቶ መንበሩን። ሁለት ስም። ከዚያ ሁሉ ሰው ሁለት ስም።

በሳምንቱ አቶ መንበሩ ሜትር ይዞ በእግሩ መጣ። ግንቦት ሳያልቅ ድልድዩ አዲስ ሳንቃ ለበሰ፣ በሁለቱም ጎን መያዣ ተበጀለት። ሲመረቅ መጀመሪያ እንድትሻገር የተጠየቀችው የአበጀ እናት ናት። መሃሉ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ቁልቁል ውሃውን አየች፣ ከዚያ ተሻገረች። ለእሷ ድልድዩ ዘግይቷል። ይህን አልሸፋፍነውም። አንድ ሰው የፈረመበትን ባያነብ፣ አንዲት እናት የልጅ ጫማ ስታይ ትኖራለች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አዎ፣ አትቁነጥነጡ።

እዚህ የተቀመጣችሁ ስትሰሙ መንበሩን ስትወቅሱት አይቻለሁ። ራሳችሁን ስትነቀንቁ አይቻለሁ። መንግሥት ቢሮ እንዲህ ነው ብላችኋል በልባችሁ። እኔ ግን ስለ መንግሥት ቢሮ ልሰብክ አልመጣሁም። የእናንተ በር ስንት ሰው መልሷል? ጎረቤት ስታለቅስ የቤተሰቦቿ ጉዳይ ነው ያለ ማነው? ወንድሙ መጠጥ ሲያበዛ መካሪ ይፈልግ ያለ ማነው? ይህን ሁሉ ጌታ በጽሑፍ ቢጠይቃችሁስ? ደብተር ዘርግቶ፣ ልጄ፣ አይመለከተኝም ብለህ ጻፍልኝ፣ ስምህንም ጻፍበት ቢልህ፣ ትጽፋለህ? ብዕሩን ትይዣለሽ?

ባለፈው ረቡዕ አንድ አዛውንት እዚህ ግቢ መጥተው ነበር። ከገጠር ነው የመጡት። ሚስታቸው ሆስፒታል ተኝተዋል፣ አስታማሚ የላቸውም፣ እሳቸው ደግሞ ሴቶች ክፍል ማደር አይፈቀድላቸውም። ባልቴቲቱ ውሃ የሚያቀብላቸው የለም። የሚያውቁት ሰው ስለሌላቸው ወደ እግዚአብሔር ቤት መጡ። በር ላይ ያገኛቸው ወንድም ወደ ሴቶች ኅብረት መራቸው። የሴቶች ኅብረት የጉብኝት ክፍሉን ያነጋግሩ አለቻቸው። የጉብኝት ክፍሉ ሽማግሌዎቹ ሳይፈቅዱ አይሆንም አለ። ሽማግሌው ወደ መጋቢው ቢሮ ላካቸው።

መጋቢውስ? መጋቢው ስብከት እያዘጋጀ ነበር። ባለጉዳይ የሚስተናገደው አርብ ነው አላቸው።

መጋቢው እኔ ነኝ። ሳዘጋጅ የነበረው ይህንኑ የሰማችሁትን ስብከት ነው።

አርብ አልመጡም። ለምን ይመጣሉ? ትላንት ሆስፒታል ሄጄ ፈልጌ አገኘኋቸው፤ ከሴቶቹ ክፍል ደጅ፣ ሲሚንቶ ላይ ጋቢ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ምንም አይደለም ልጄ፣ ሥራ በዝቶባችሁ ነው አሉኝ። ያ ቃል ከትላንት ጀምሮ እየበላኝ ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይኸው ደብተር። ከበሩ ሱቅ ጠዋት የገዛሁት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይመለከተኛል ብዬ ጽፌያለሁ፣ ከሥሩ ስሜ አለ። የዛሬን አዳር ባለቤቴ ታድራለች፣ እሷም ፈርማለች። የነገው መስመር ባዶ ነው። ከነገ ወዲያም ባዶ ነው። ብዕሩን መድረኩ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ዛሬ ቆማችሁ አሜን እንድትሉ አልጠይቃችሁም። አሜን በቃል ነው። ስማችሁን ጻፉልኝ።